ቤቱና መጻሕፍቱ፤ ስለ ባሌ ደጋ የነገ ቤተ መጻሕፍት የቀረበ ትችት

ቤተ መጻሕፍት የሚለው ስም ከቤትና ከመጻሕፍት የተጣመረ ነው። በአገራችን ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚታሰበውንና የሚታቀደውን በጥሞና የተመለከትን እንደ ሆነ ግን፣ አሳቡ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቃል ላይ ደርሶ ይቆማል። ቦታው ይመረጣል፤ የመሠረቱ ደንጊያ ይቀመጣል፤ ጣራው ይከደናል፤ የምረቃውም ቀን ይደርሳል። መጻሕፍቱ ከየት እንደሚመጡ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሆኑ፣ ማን እንደሚያነባቸው፣ በየዓመቱም በምን ገንዘብ እንደሚታደሱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንተቸው የተነሣነው ይህንኑ ልማድ ነው። ነገሩም በጠቅላላው ተነግሮ እንዳይቀር፣ በአንድ አካባቢ፣ ይኸውም በሮቤና በጐባ፣ በባሌም ደጋ ላይ አድርገን እንመዝነዋለን። ትችታችን በአሳቡ ላይ እንጂ በማንም ሹም ወይም በማንም መሥሪያ ቤት ላይ እንዳልሆነ አንባቢዎቻችን እንዲረዱልን እንለምናለን።

መጽሐፍን መሰብሰብና መጠበቅ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የገዳማቱና የአድባራቱ ዕቃ ቤቶች ብራናውን ከእሳትና ከጦር እያሸሹ ለብዙ መቶ ዓመታት አቈይተውልናል። በእስልምናውም ወገን የሊቃውንቱ ቤቶች በዐረብኛ ፊደል የተጻፉትን መጻሕፍት እንዲሁ ጠብቀዋል። ነገር ግን የእነዚህ ቤቶች ዋና ዓላማ መጠበቅ ስለ ነበረ፣ መጽሐፉን ለማናቸውም ሰው እያዋሱ መልሶ መቀበል የሥራቸው ክፍል አልነበረም። ለሕዝብ በሩን የከፈተው ቤት በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው ነው። ከዚያም በኋላ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ፊደል ሲያስቈጥር በየገጠሩ የንባብ ክፍሎች ተከፍተው ነበር። የዘመቻው ድካም እጅግ የሚመሰገን ሲሆን፣ ትልቁ ጕድለቱ ፊደል የለየው ገበሬ ከመማሪያው በኋላ የሚያነበው ነገር በበቂ አለማግኘቱ ነበር። ማንበብን ተምሮ የሚያነበው ያጣ ሰው፣ እንደ ታረሰና ዘር እንዳልተጣለበት ማሳ፣ ከጥቂት ዘመን በኋላ ወደ ዳዋነት ይመለሳል። በቅርቡ ደግሞ በታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። አብርሆት የንባብን ክብር ከፍ አድርጎ ለዐይን ያሳየ ሥራ ስለ ሆነ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሮቤ ከተማ ያንኑ በትንሹ ልቅዳ ያለ እንደ ሆነ፣ የሚቀዳው መልኩን እንጂ አገልግሎቱን እንዳይሆን ያሠጋል።

ስለዚህ አስቀድሞ አገሩን ማወቅ ይገባል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፣ ጐባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የተቈረቈሩ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጐባ የቀድሞው የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ ዋና ከተማ ሮቤ ናት። ከሮቤ ወደ ሲናና የተዘረጋው ሜዳ የስንዴና የገብስ አገር ሲሆን፣ በዓመት ሁለት አዝመራ ያፈራል፤ የአገሩ ሰው አንዱን «ገና»፣ ሌላውን «ቦና» ይለዋል። ከጐባ በስተደቡብ መንገዱ ሽቅብ ወጥቶ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ያቋርጥና ወደ ደሎ መና ይወርዳል። በሮቤ በ1999 ዓ.ም. የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል። እንግዲህ በዚህ አገር ቤተ መጻሕፍት ሲታሰብ አንባቢው አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። ከትምህርት ቤት ወጥቶ መብራትና ጸጥታ ያለበት ስፍራ የሚፈልግ ተማሪ አለ፤ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚጠብቅ ወጣት አለ፤ ለነገው ትምህርት የሚዘጋጅ መምህር፣ የዘር ምርጫ የሚያሳስበው ገበሬ፣ ልጇን ስለ ማሳደግ ማወቅ የምትሻ እናት፣ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛም አለ። ዕቅዱ ከእነዚህ ሰዎች ሳይነሣ ከሕንፃው ንድፍ ከተነሣ፣ ሕንፃው ምንም ያህል ቢያምር ለማን እንደ ተሠራ አይታወቅም።

ዩኔስኮ ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1949 አንድ መግለጫ አውጥቶ፣ በ1972፣ በ1994 እና በ2022 አሻሽሎታል። መግለጫው በጠቅላላው የሚለው፣ አገልግሎቱ በመሠረቱ ያለ ክፍያ እንዲሆን፣ ዕድሜና ጾታ፣ ዘርና ሃይማኖት፣ ቋንቋና ኑሮ ሳይለይ ለሁሉ እንዲደርስ፣ የሚከፈትበትም ሰዓት ለአንባቢው የሚመች እንዲሆን፣ ኀላፊነቱም የመንግሥትና የአካባቢ አስተዳደር ሆኖ በሕግና በበጀት እንዲደገፍ ነው። ከዚህ ቃል የምንነቅፈው የለንም። ነገር ግን መግለጫው መልካም ምኞትን እንጂ የወረዳ በጀትን አይናገርም። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ለጤና ጣቢያ መድኀኒት፣ ለትምህርት ቤት ወንበር፣ ለቤተ መጻሕፍትም መጽሐፍ ከአንዲት ገንዘብ ላይ ማካፈል ያለበት ሹም፣ «መንግሥት ኀላፊ ነው» የሚለውን ቃል ሰምቶ ምን ያደርጋል? መልካሙ ቃል ወደ ቍጥር ካልተለወጠ፣ በስብሰባ መክፈቻ ላይ ተነብቦ ወደ መሳቢያ ይመለሳል።

ወደ ቍጥር የለወጡት ሰዎች ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅመናል። አሜሪካዊው ባለጸጋ አንድሩ ካርኔጊ ከ2,500 በላይ ለሚሆኑ ቤተ መጻሕፍት የሕንፃ ገንዘብ ሲሰጥ አንድ የታወቀ ውል ነበረው። ከተማው ቦታውን ይሰጣል፤ ለመጽሐፍ፣ ለሠራተኛና ለእድሳት ደግሞ የሕንፃውን ዋጋ ዐሥር እጅ በየዓመቱ ሊከፍል ቃል ይገባል። ይህን የማይቀበል ከተማ ሕንፃውን አያገኝም ነበር። በውሉ የተጣሉ ከተሞች መኖራቸው አልቀረም፤ የአሳቡ ብልኅነት ግን ግልጽ ነው። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ 20 ሚሊዮን ብር የሚመድብ ከተማ፣ በዚሁ ሚዛን በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ብር ማዘጋጀት አለበት ማለት ነው። ያንን የማይችል ከሆነ የ5 ሚሊዮን ብር ቤት ሠርቶ 500,000 ብር በየዓመቱ ቢያወጣ ይሻለዋል። ከአፍሪካም ምሳሌ አለን። በዛሬዋ ጋና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1949 የቤተ መጻሕፍት ቦርድ የሚያቋቁም ሕግ ወጣ፤ መጽሐፍ ጭነው ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞሩ መኪናዎችና የየአውራጃው ቤተ መጻሕፍት በዚያው ቦርድ ሥር ተስፋፉ። ሕጉ ሥራውን የሚጠይቅና ስለ ሥራው የሚጠየቅ አንድ አካል ስለ ፈጠረለት ሥራው ባለቤት አገኘ። በእኛ ዘንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከባህል ይቈጠር ወይስ ከትምህርት የሚለው ጥያቄ ጥርት ብሎ ካልተመለሰ፣ ሁለቱም ወገን በምረቃው ቀን ተገኝቶ በበጀቱ ቀን ሊታጣ ይችላል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ፈረስ በሚያውቀው በባሌ ደጋ ይህ ምሳሌ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሕንፃ እስከ በሩ ያደርሳል፤ የሚዋጉት መጽሐፉ፣ ሠራተኛውና የዓመት በጀቱ ናቸው።

ሁለተኛው ትችታችን ስለ ንብረት ጥበቃ ነው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1931 ባወጣቸው አምስት ሕግጋት መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው፣ መጽሐፍ የተዘጋጀው ለአገልግሎት መሆኑን ነው። ይህ ለሁሉ ግልጽ የሆነ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን መጽሐፍ ከመደርደሪያው ጋር በሰንሰለት ይታሰር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በእኛ ዘንድ ሰንሰለቱ የወረቀት ነው። መጽሐፉ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ከወንበሩና ከጠረጴዛው ጋር በንብረት መዝገብ ይጻፋል፤ የጎደለ እንደ ሆነ ተጠያቂው የተረከበው ሠራተኛ ነው። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከልጆቹ ቀለብ የማይተርፍ ሠራተኛ ይህን ሲያውቅ ምን ያደርጋል? ይቈልፋል። የሚፈለገውን መጽሐፍ ከመስኮቱ ውስጥ ሆኖ ይሰጣል፤ ወደ ቤት ይዞ መሄድን ይከለክላል፤ አዲሱንና ውዱን መጽሐፍ ደግሞ ከቍም ሣጥኑ አያወጣውም። እርሱን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ወንበር ሲቀመጡበት ከስፍራው አይሄድም፤ መጽሐፍ ግን ከስፍራው ካልሄደ ሥራውን አልሠራም። ስለዚህ በዕቅዱ ውስጥ ከሕንፃው ንድፍ አስቀድሞ መጻፍ የሚገባው ደንብ ይህ ነው፦ የሚዋስ መጽሐፍ ከቋሚ ንብረት ተለይቶ እንዲመዘገብ፤ በየዓመቱ ከመቶው ይህን ያህሉ በአገልግሎት ቢያልቅ ወይም ቢጠፋ ሠራተኛው ሳይጠየቅበት ከመዝገብ እንዲሠረዝ፤ ሠራተኛውም ባልጠፋው መጽሐፍ ብዛት ሳይሆን በተነበበው ብዛት እንዲመሰገን። ይህ ደንብ አንድ ደንጊያ እንኳ ሳይነሣ፣ ዛሬ ባሉት መደርደሪያዎች ላይ ሊጀመር የሚችል ነው።

ሦስተኛው ነገር የመጻሕፍቱ ምርጫ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበንም ይኸው ነው። መጽሐፍ በልግስና ሲሰበሰብ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሰው ከቤቱ የተረፈውን ነው። ዘመኑ ያለፈበት የሕግ መጽሐፍ፣ የማይሠራበት የኮምፒዩተር መማሪያ፣ ሁለተኛው ክፍል ብቻ የተገኘ ልብ ወለድ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። ብዛቱ በዜና ይነገራል፤ ከመካከሉ የሚነበበው ግን ስንት እንደ ሆነ አይነገርም። ስጦታን መናቅ አይገባም፤ ነገር ግን ተቀባዩ የሚፈልገውን ዝርዝር አስቀድሞ ያላዘጋጀ ቤተ መጻሕፍት፣ የሌላውን ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ከመሆን አያልፍም።

በባሌ ምርጫውን የሚያከብደው ቋንቋ ነው። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ የትምህርትና የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ሆኗል። ከዚያ በፊት የታተመው፣ ኦነሲሞስ ነሲብ ተርጕሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 የታተመው መጽሐፍ ቅዱስም ሆነ በ1968 ዓ.ም. የተጀመረው «ባሪሳ» ጋዜጣ፣ በግዕዝ ፊደል ነበር። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ አያቱ በአንድ ፊደል፣ የልጅ ልጁ በሌላ ፊደል የሚያነቡበት አገር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ብቻ ቢሞላ፣ በአፋን ኦሮሞ የተማረው ልጅ እንግዳ ይሆንበታል። በአፋን ኦሮሞ ብቻ ይሁን ቢባል ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው ተማሪ እንግሊዝኛውን፣ አማርኛ አንባቢውም የከተማ ነዋሪ የለመደውን ያጣል። ከሦስቱ ቋንቋዎች በምን ያህል መጠን እንደሚገዛ የሚወሰነው በፖለቲካ ስሜት ሳይሆን፣ አንባቢው በመዝገብ ላይ ምን እንደ ጠየቀ ተቈጥሮ መሆን አለበት። ለሕፃናቱ ክፍል ግን መቍጠርም አያስፈልግም፤ ሕፃን በእናቱ ቋንቋ ካልጀመረ ማንበብን አይወድም።

ስለ አገሩ የተጻፈውም ነገር አለ። በባሌ ተራራ ፊንጫ ሐበራ በተባለው የዋሻ ጥላ ሥር ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት መኖራቸውን የሚገልጽ ጥናት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ታትሞ፣ ሰው በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ የኖረበት እጅግ ጥንታዊ ማስረጃ ተብሎ በዓለም ተነግሯል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1950ዎቹ ዓመታት በባሌ ስለ ተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ ገብሩ ታረቀ በእንግሊዝኛ የጻፉት መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ታትሟል። ስለ ቀይ ቀበሮውና ስለ ደጋው አጋዘን የተደረገው ምርምር ብዛቱ ብቻ አንድ መደርደሪያ ይሞላል። ይህ ሁሉ ዕውቀት ከባሌ ምድር ወጥቶ በውጭ አገር መጽሔቶችና በውጭ ቋንቋ የተቀመጠ ነው። የነገው ቤተ መጻሕፍት ይህን መልሶ ካላመጣውና ከየጥናቱ አጭር መግለጫ በአገሩ ቋንቋ ካላዘጋጀ፣ የጐባ ልጅ ስለ አገሩ ከአስጐብኚውና ከእንግዳው ሲሰማ ይኖራል።

ይህን የምንለው ለክብር ብቻ ብለን አይደለም። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻና በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳ ላይ ብዙ ጥፋት አድርሰዋል። በ2006ቱ በይበልጥ የተጐዳው «ዲጋሉ» የተባለው፣ ገበሬው የወደደው ዝርያ ነበር። በሲናና ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ የምርምሩ ወረቀት ግን በባሕርዩ ለተመራማሪ የተጻፈ ነው። የትኛው ዝርያ ለየትኛው ዋግ እንደሚበገር በሁለት ገጽ፣ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ፣ ከዘር ወቅት በፊት በቤተ መጻሕፍቱ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍና ከገበያ የሚመለሰው ሰው ቢያነበው፣ ያ ሁለት ገጽ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል።

አሁን ወደሚያከራክረው ነገር እንለፍ። ቤተ መጻሕፍቱ ከሮቤና ከጐባ በየትኛው ይሠራ? አንዱ የዞኑ ዋና ከተማነትን፣ ሌላው የቀድሞውን ታሪክ ይጠቅሳል። በእኛ አስተያየት ጥያቄው ራሱ ከሕንፃ አሳብ የተወለደ ስለ ሆነ መለወጥ አለበት። በ14 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ከተሞች ሁለት በር ያለው አንድ ቤተ መጻሕፍት ሊኖራቸው ይችላል። መዝገቡ አንድ ይሁን፤ የአባልነቱም ወረቀት በሁለቱም ያገልግል፤ በሮቤ የሌለው መጽሐፍ በሳምንት አንድ ቀን በመኪና ከጐባ ይምጣ። ተማሪ የሚበዛበት የሮቤው በር እስከ ምሽት ክፍት ሆኖ ሰፊ የንባብ አዳራሽ ይኑረው። የጠቅላይ ግዛት መናገሻ በነበረችው በጐባ ደግሞ ስለ ባሌ የተጻፈው ሁሉ፣ የቆየ ደብዳቤና ፎቶግራፍም ጭምር የሚጠበቅበት ክፍል ይቋቋም። ከዩኒቨርሲቲውም ጋር የከተማው አንባቢ በውስን ቀን የሚገባበት ውል ቢደረግ፣ ብዙ ሺህ ብር የሚያስወጡትን ውድ መጻሕፍት ደግሞ መግዛት አያስፈልግም።

ከሁለቱ ከተሞች ውጭ ላሉት ደግሞ ምሳሌው ከቅርብ አለ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከከፈቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በሐዋሳ በአህያ በሚሳብ ጋሪ መጽሐፍ ወደ ሕፃናት እንዲሄድ አድርገዋል። በኬንያም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1996 ጀምሮ በጋሪሳ በግመል የሚጓዝ ቤተ መጻሕፍት ተቋቁሟል። በባሌ ደጋ ፈረስ አለ። ኀምሳ ኀምሳ መጽሐፍ የያዙ ሣጥኖች ወደ ዲንሾ፣ ወደ ሲናና፣ ወደ አጋርፋ፣ ወደ ጎሮ በመኪና ተልከው፣ ከዚያ መንገድ ወደሌለው ቀበሌ በፈረስ ቢዘልቁ፣ በየትምህርት ቤቱም አንድ መምህር በመጠነኛ አበል ተረክቦ ቢያስነብብ፣ በሦስት በሦስት ወርም ሣጥኑ ከሌላው ጋር ቢለዋወጥ፣ ዐሥር ሣጥን ለዐሥር ቀበሌ በዓመት አርባ የተለያየ ስብስብ ያህል ይሆናል። የልውውጡም ጊዜ ከገናና ከቦና አዝመራ መካከል እንዲውል ያስፈልጋል፤ በአጨዳ ወራት ገበሬውም ልጁም ማሳ ላይ ናቸው።

«ዛሬ ሁሉ ነገር በእጅ ስልክ ላይ አለ፤ መጽሐፍ ምን ያደርጋል?» የሚሉን አይጠፉም። ስልክ ለሚገዛው፣ የኢንተርኔቱንም ዋጋ ለሚከፍለው እውነት ነው፤ ስለዚህም ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን ጸጥታ፣ መብራት፣ ጠረጴዛና የሚያማክር ሰው በስልክ ውስጥ አይገኙም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4 ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የቤተ መጻሕፍት መጕደል ብቻ ነው ብንል እንሳሳታለን። ሆኖም በምሽት ብርድ፣ በጠባብ ቤት፣ ከታናናሾቹ መካከል ተቀምጦ ለሚያጠና የደጋ ልጅ፣ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ክፍት የሆነና ውርጭ የማይገባበት አንድ አዳራሽ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ በባሌ የሚሠራው ቤት ከቆላ ከተማ ንድፍ ሊቀዳ አይገባውም፤ ብርዱን የሚከለክል ግድግዳ፣ ፀሐይ የሚያስገባ መስኮት፣ በዝናቡ ወራትም መጽሐፉን ከሻጋታ የሚያድን ከግድግዳው የራቀ መደርደሪያ ያስፈልገዋል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ዕቅድ አውጪዎቻችን ሥራቸውን በዚህ ተራ ቢያስኬዱት እንወዳለን። አስቀድሞ አንባቢው ይቈጠር፤ ቀጥሎ ባለቤቱና የዓመት በጀቱ በደንብ ይጻፍ፤ ከዚያ የመዋሻው ሕግ ይስተካከል፤ ከዚያም መጽሐፉ በቋንቋውና በፍላጎቱ ይመረጥ፤ በመጨረሻ ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ቤት ይሠራ። የሥራውም መመዘኛ በምረቃው ቀን የተገኘው እንግዳ ብዛት ሳይሆን፣ በሦስተኛው ዓመት ከመዝገቡ ላይ የሚገኘው የተዋሽ ቍጥር ይሁን። መምህራን የሚያስፈልጋቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ዛሬውኑ ጽፈው ለከተማቸው አስተዳደር ቢሰጡ፣ ተማሪዎችም የሚያጠኑበትን ሰዓት ቢያስታውቁ፣ ሹማምንቱ ደግሞ ይህን ተቀብለው በሚቀጥለው በጀት ላይ አንዲት መስመር ቢጨምሩ፣ ሥራው የመሠረት ደንጊያ ሳይጠብቅ ይጀመራል።